ጊታር የሌለበት ሮክ? ስለ ኪን የጠየቃችሁኝ

ስለ እንግሊዙ ባንድ ኪን እና እ.ኤ.አ. በ2004 ስለወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው «ሆፕስ ኤንድ ፊርስ» ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ጥቂቱን ልመልስ።

«ጊታር እየተማርኩ ነው። ሊድ ጊታር ከሌለው ምኑ ነው ሮክ የሚያሰኘው?»

ጊታሪስት ነበራቸው፤ በ2001 ትቷቸው ወጣ። ዘፋኙ ቶም ቻፕሊን፣ ድራመሩ ሪቻርድ ሂዩዝና ፒያኒስቱ ቲም ራይስ ኦክስሊ ቀሩ። ሌላ ጊታሪስት አልፈለጉም፤ የጊታሩን ሥራ ለፒያኖው ሰጡት። ቲም የሚጫወትበት ያማሃ ሲፒ 70 እንደማንኛውም ፒያኖ መዶሻና ክር አለው። ድምፁ የሚወጣው ግን እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር በፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር ዕቃ) ነው። ስለዚህ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ውስጥ ቢያሳልፉት ያጓራል። «ሰምዌር ኦንሊ ዊ ኖው» የሚለው ዘፈን ሲጀምር ኮርዱን እንዴት እንደሚደበድበው ስማ፤ ሪትም ጊታር ነው የሚመስለው። ቤዙንስ? ያኔ መድረክ ላይ ከላፕቶፕ ነበር የሚለቁት። (ይሄ እስካሁን ያልተዋጠለት ጓደኛ አለኝ።) የጊታር ሶሎ ካማረህ ግን እዚህ አታገኝም።

«ማታ ማታ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እሰማለሁ። ይሄም ያረጋጋኛል?»

አይመስለኝም። የእማሆይ ጣቶች እንዳሻቸው ይዘገያሉ፣ እንዳሻቸው ይፈጥናሉ። እዚህ ድራሙ ፒያኖውን ጠፍሮ ይዞታል፤ ቶምም ድምፁን አይቆጥብም። ከሞከርሽው «ሺ ሃዝ ኖ ታይም» ከሚለው ጀምሪ፤ ቀዝ ያለ ነው።

«የኮልድፕሌይ ኮፒ ናቸው ይባላል። እውነት ነው?»

የእንግሊዙ ባንድ የኮልድፕሌይ ዘፋኝ ክሪስ ማርቲን ቲምን እነሱ ጋ ኪቦርድ እንዲጫወት ጠይቆት ነበር፤ እሱ አልሄደም። ዝምድናው ይሰማል፤ ኮፒ የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ኮልድፕሌይን ከወደድክ ይሄንንም ሳትወድ አትቀርም።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ግጥሙ ካልገባኝ ምን ያደርግልኛል?»

መጀመሪያ የሚይዝህ ዜማው ነው። አዝማቹን ሁለቴ ከሰማኸው ሳታውቀው ታንጎራጉረዋለህ። ደግሞ ቃላቱ ከባድ አይደሉም። ባትል ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጡ ልጆች ናቸው፤ የሚዘፍኑት ስለ ጓደኝነት፣ ስለ መለያየት፣ ድሮ ስለሚያውቁት ቦታ ነው። «ኤቭሪባዲስ ቼንጂንግ» ሌላው ሁሉ ሲለወጥ ግራ ስለገባው ሰው ነው። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ውጭ አገር ሄደውበት ሰፈር የቀረ ሰው ያለ መዝገበ ቃላት ይገባዋል። እኔም ይሄን አልበም ከሁሉ በፊት የምሰጠው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

«ጂም ውስጥ ይሆናል?»

«ቤንድ ኤንድ ብሬክ» ላይ ትሮጥ ይሆናል። ቀጣዩ ላይ ትሬድሚሉን አጥፍተህ ትቆዝማለህ።