ኢንተርኖችና የመድኃኒት ስህተት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሪፈራል ሆስፒታል ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ኢንተርኖችን (ሆስፒታል ውስጥ የሚለማመዱ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን) የመድኃኒት ስህተት በመቀነሱ ሥራ እንዴት እናሳትፍ ላላችሁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኢንተርን ገና ተማሪ ነው። ይህ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ሥራ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ኮሚቴው ሌሊት ዋርድ ውስጥ የለም፤ ኦርደር (የመድኃኒት ትእዛዝ) የሚጽፈው ኢንተርኑ ነው። የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ፣ የማን ጽሑፍ እንደማይነበብ ቀድሞ የሚያውቀውም እሱ ነው። እሱን ሳይጠይቁ ያወጡት መመሪያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እስቲ ምሳሌ ይስጡን።

መልስ፦ የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ። ኦርደሩ ላይ «6:00» ተጽፏል። ዶክተሩ በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ጠዋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ሲስተሯ ግን በእኛው 6 ሰዓት፣ እኩለ ቀን ብላ ታነበዋለች። አንቲባዮቲኩ ለ6 ሰዓታት ዘገየ ማለት ነው። እኛ ጋ ይህን ያወጣችው አንዲት ኢንተርን ናት፤ ራውንድ (ታካሚዎችን ዞሮ ማየት) ላይ የታካሚዎቹን ካርዶች አንድ በአንድ እየገለጠች አሳየችን። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ ጋር «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» ተብሎ ይጻፋል። ኢንሱሊንም ላይ ከ10 ቀጥላ የምትጻፈው «ዩ» የምትባል የፈረንጅ ፊደል ዜሮ ትመስልና 100 ተብሎ ይነበባል። «ዩኒት» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉት። 5.0ም ነጥቡ ከደበዘዘ 50 ነው፤ 5 ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ስህተቴን ባወጣ ሲኒየሮቹ ኢቫሉዌሽን ላይ ይይዙብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ እውነት ነው። ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ አንድ ልጅ በሰው ፊት ሲዋረድ አይቻለሁ፤ ለወራት ከዚያ ዋርድ አንድም ሪፖርት አልመጣም። ሲኒየሮች ሆይ፣ እባካችሁ ሪፖርቱን ከግሬድ ለዩት፣ የጻፈው ሰው ስምም አይጠየቅ። አንተም ታካሚው ጋ ሳይደርስ በተያዘው ስህተት ጀምር፤ እሱን መናገር ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከዲዩቲ በኋላ ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ በሳምንት 10 ካርድ ከፋርማሲስቱ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ ለምሳሌ የሕፃኑ ክብደት ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም? አስተካክላችሁ ከወር በኋላ ደግማችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ፖታሺየም ክሎራይድ (ተበርዞ በደም ሥር የሚሰጥ የፖታሺየም መድኃኒት) ዋርድ ውስጥ ይቀመጥ?

መልስ፦ ያልተበረዘው አይቀመጥ። በመርፌ በቀጥታ ደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ሼልፍ ላይ ካያችሁት ዛሬውኑ ለፋርማሲ ንገሩ።