«የጥርስ ካርድ አልቋል» ሲባል ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። የመንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት ያማታል። የጤና መድኅን ደብተር አላት። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ይዣት ሄጄ «የዛሬ ካርድ አልቋል፣ አዲስ አንቀበልም» ተብለን ተመለስን። የግል ክሊኒክ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። ምን እናድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መስኮቱ ላይ «አልቋል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንድ ሙሌት (የተቦረቦረን ጥርስ መድፈን) ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ወንበሩ ጥቂት ነው። ዋናው ጣጣ ግን ማሽኑ ነው። መሰርሰሪያው የሚዞረው በታመቀ አየር ሲሆን ጥርሱ እንዳይግል ውሃ ይረጭበታል። መብራት ከጠፋ፣ ውሃ ከተቋረጠ ወይም አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ከተበላሸ ሙሌትም የሥር ሕክምናም (የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ይቆማል። ለመንቀል ግን ማደንዘዣ፣ ጉጠትና በእንፋሎት የተቀቀለ መሣሪያ ካለ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ «ጥርስ ይሠራል?» አይበሉ። «ዛሬ መንቀል አለ? ሙሌትስ?» ብለው ለይተው ይጠይቁ።

የእናትዎ የትኛው ነው? ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነዝሮ ወዲያው የሚተው ጥርስ ሙሌት ይበቃዋል። ምንም ሳይነካው የሚጠዘጥዝ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ነርቩ ጋ ሳይደርስ አልቀረም፤ እንዲሁ ላዩን ቢደፍኑት አይሽርም። ያለው ምርጫ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው። የሥር ሕክምና ራጅና ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይፈልጋል። ከዘጌ ለሚመላለስ ሰው ቀላል አይደለም፤ ይሁንና ሰው ሠራሽ ጥርስ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ስለማይሸፈን ከመነቀሉ በፊት «ይተርፋል ወይ?» ማለት አይከፋም።

በመድኅኑ ሕክምና የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። እናትዎ መጀመሪያ እዚያ ታይተው ሪፈር ይጻፍላቸው። ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ጊዮን፣ መድኅኑ ውል ያለው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ይጠይቁ። ደብተሩ የዘንድሮ እድሳት እንዳለው፣ ወረቀቱ ላይም ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዚያው ይዩ። ማኅተም ሳይመታበት ጀልባ የተሳፈረ ሪፈር ሌላ ሙሉ ቀን ይበላል።

እርስዎ ከተማ ነዎትና እናትዎ ዋዜማውን እርስዎ ጋ ይደሩ። ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በዚያው ጠዋት የተነሣ ሰው የሚደርሰው ሰልፉ ከረዘመ በኋላ ነው። «አልቋል» ቢባሉም ባዶ እጅዎን አይመለሱ፤ ሪፈሩን አሳይተው ቀጠሮ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። የእናትዎ ካርድ ሲወጣም ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያንሱት። ካርዱ ቢጠፋ በቁጥሩ ይፈለጋል፤ ያለዚያ እንደ አዲስ ታካሚ እንደገና ሊጀምሩ ነው።

እስከዚያው ሌላ የጤና ችግር ለሌለው አዋቂ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል፤ አረቄም እንደዚያው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ የነርቭ ሕመምን አያስታግስም። ፊት ወይም ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተ ግን ሰልፉንም ሪፈሩንም ትተው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። እብጠቱ የመተንፈሻ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

በቀጠሮው ቀን ቁርስ በልተው ይሂዱ፤ በባዶ ሆድ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጥርስ በተነቀለ ቀን ቡና ይጠጣል?

መልስ፦ የዘጌ ቡናም ቢሆን በዚያን ቀን ይቅር። ትኩስ ነገር ጉድጓዱን የሸፈነውን የረጋ ደም ያሟሟል። ጥጡን ግማሽ ሰዓት ነክሰው ይያዙ፤ 24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ። በማግሥቱ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ከምግብ በኋላ ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። ሕመሙ ቀንሶ በሦስተኛው ቀን ገደማ ወደ ጆሮ እየወጋ ከተመለሰ የረጋው ደም ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ወደነቀለዎት ክፍል ይመለሱ፤ ጉድጓዱ ታጥቦ መድኃኒት ይደረግበታል።