ክሊሩ ለምን ይነጣል? ለምንስ ይሻክራል?
ወንድሜ፣ ደሴ ላይ በክረምት ትንሿን የፕላስቲክ ሞዴል መኪናህን ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚነፋውን ቀለም አልባ መሸፈኛ) ከስፕሬይ ጣሳ ነፍተህ «ነጭ ጉም ለበሰ፣ ላዩም ሻከረ» ላልከው፣ ሁለቱ የተለያየ ችግር ናቸው። የነጣው በእርጥበት ነው። ቲነሩ (ክሊሩን የሚያቀጥነው ፈሳሽ) ቶሎ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘውና አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ እዚያው ላይ ተቋጥሮ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ጣሳውን አትንካ፣ ፀሐይ ጠብቅ። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህማ ሞዴልህን ይዘህ ውረድ፣ እዚያ ይሞቃል፣ ቀልዴን አይደለም።

የሻከረው ደግሞ ርቀህ ስለነፋህ ይመስለኛል፤ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይበቃል። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆየው፣ ፈሳሹ ይሳሳል። የፈላ ውሃ ግን እንዳትሞክር፣ ይፈነዳል! መጀመሪያ ስስ አድርገህ ንፋ፣ ከዚያ ረጠብ ያለውን ደርብ።

የተበላሸውን አትጣለው። በደንብ ሲጠነክር በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካህ ቀስ ብለህ ፈግፍገው፣ ከዚያ በመኪና ፖሊሽ ወልውለው። ጠርዝ ላይ እጅህን ሰብስብ፣ ቀለሙ ቶሎ የሚላጠው እዚያ ነው። ለጋራዥ የሚሸጠውን ክሊር ከገዛህ ግን መጀመሪያ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክረው፣ ቲነሩ ኃይለኛ ነው፣ ፕላስቲክ ይበላል።