የካምፐር ቫን ቁምሳጥን ነቅሎ ዝገትንና የውኃ ጉዳትን ስለ መጠገን፦ ጥያቄና መልስ

በሐዋሳ የእንጨትና የቦዲ ሥራን ጎን ለጎን እሠራለሁ። ሚኒባሳቸውን መኝታና ኩሽና ወዳለው ካምፐር ቫን የቀየሩ ደንበኞች ክረምቱ ሲወጣ ይዘውት የሚመጡት ችግር ተመሳሳይ በመሆኑ፣ ከጠየቁኝ መካከል የሚከተሉትን በጽሑፍ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ አብጦ ጠቁሯል። ቁምሳጥኑን ሳልነቅል የተበላሸውን ብቻ ቆርጬ ብተካውስ?

መልስ፦ እኔም በራሴ መኪና ያንኑ አድርጌ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ከአልጋው ሥር በስተቀኝ የረጠበውን ጣውላ በቀየርኩ ቁጥር በሚቀጥለው ዝናብ ይረጥባል። በሦስተኛው ቁምሳጥኑንም አልጋውንም አውጥቼ ሳይ፣ ውኃው የሚገባው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ካለው የጣሪያ አየር ማስገቢያ ጠርዝ ሆኖ ተገኘ። በጣሪያው አጥንት ውስጥ እየተንሸራተተ መጥቶ ጥጉ ላይ ይወርዳል። ጣውላው የነበረበትን ላሜራ በካቻቪቴ ጫፍ ብነካው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። እርጥበቱ የታየበት ቦታና ውኃው የገባበት ቦታ አንድ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን ላሜራ በዓይንዎ ሳያዩ የሚያወጡት ገንዘብ ለሚቀጥለው ክረምት የተከፈለ ቀብድ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲነቀል ከምን ይጀመራል?

መልስ፦ ከአደገኛው ይጀመራል። የጋዝ ሲሊንደሩ ተዘግቶና ተፈትቶ ከመኪናው ይውጣ። ሶላር ካለዎት መጀመሪያ ከጣሪያው ፓኔል የሚመጣውን ገመድ ከቻርጅ መቆጣጠሪያው ያላቅቁ፤ ባትሪው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የውኃ ታንከሩም ባዶ ይሁን። ከዚህ በኋላ መሳቢያዎችንና በሮችን አውጥቶ ማቅለል፣ ከዚያም የመጨረሻ የተገጠመውን መጀመሪያ መፍታት ነው። የላይኛው ቁምሳጥን የመጨረሻው ቪቴ ሲወጣ በድንገት ስለሚወርድ ሁለተኛ ሰው ደግፎ ይያዘው። አልነቀል ያለ ዕቃ ካለ በጉልበት አይፈልቅቁት፤ ወይ ከፎርማይካው ጠርዝ ሥር የተደበቀ ቪቴ አለ፣ ወይ በማስቲሽ ተጣብቋል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ የየዕቃውን ቪቴ በየራሱ ፌስታል አድርገው ስሙን ይጻፉበት። ይህ የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የትኛው ቪቴ የየት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ ውኃው የሚገባበትን ቀዳዳ እንዴት ላገኘው እችላለሁ?

መልስ፦ ውስጡ ባዶ እንደሆነ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ውኃ ያፍስስ። ዋናው ነገር ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው፤ ከጣሪያው ከጀመሩ ውኃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ የቱ እንዳስገባ መለየት አይቻልም። መጀመሪያ የተንሸራታቹ በር ደፍ፣ ከዚያ የመስኮት ጎማዎች፣ በመጨረሻ የፓኔሉ ማሰሪያዎችና የአየር ማስገቢያው ጠርዝ። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ውኃ ቶሎ አይታይም።

ጥያቄ፦ ዝገቱ በቀለም የሚድን ነው ወይስ ብየዳ የሚፈልግ?

መልስ፦ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረቱ ከፈገፈጉት በኋላ በካቻቪቴ ጫን ይበሉት። ላሜራው ከጠነከረ በጥቃቅን ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማምከኛ ቀብተው፣ ሲደርቅ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) እና ቀለም ማድረግ ይበቃል። ከተበሳ ወይም ከረገበ ግን ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በቀዳዳ ላይ ስቱኮ ሞልቶ መቀባት ያምራል፣ ይሸጣልም፤ ስቱኮው ግን እርጥበት ስለሚይዝ ከሥሩ ያለው ብረት መበላቱን ይቀጥላል።

የቦዲ ላሜራ ስስ ስለሆነ በኤሌክትሮድ ሲበየድ በቀላሉ ይበሳል። ሚግ (ቀጭን ሽቦ ራሱ እየመገበ በመከላከያ ጋዝ የሚበይድ ማሽን) ያለው ባለሙያ ይፈልጉ፤ እሱም ቢሆን በአንድ መስመር ሳይጎትት እየዘለለ በነጥብ በነጥብ ይያዝ፣ ያለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ከብየዳው በፊት በአካባቢው ያለ ስፖንጅ፣ እንጨትና ገመድ በሙሉ ይነሣ፤ የነዳጅ ታንከሩና ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከሥር ገብታችሁ እዩ፣ የእሳት ማጥፊያም በእጅ ይኑር። የብየዳው ጀርባ ቀለሙ ስለተቃጠለ ከሁለቱም ወገን መቀባቱን ራስዎ ያረጋግጡ። በደፉ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች የሚደፍን ሠሪም አይቻለሁ፤ እነሱ ከተደፈኑ ደፉ ባልዲ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ሁልጊዜ ሐይቁ ዳር ስለማቆም የሐይቁ ጨው ይሆን ያዛገው?

መልስ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ከላዩ መውጫ ወንዝ ባይኖረውም ውኃው እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ ጨዋማ አይደለም። ወደ እነዚያ ዳርቻዎች ነድተው ከነበረ ግን የመኪናውን ሥር በንጹሕ ውኃ ያጥቡ። ሐይቁ ዳር ያደረ መኪና የሚጎዳው በእርጥብ አየሩ ነው፤ መስኮት ዘግተው ሲያድሩና ሲያበስሉ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ወደ ውኃ ይለወጣል፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ደግሞ የሚያደርቀው ነፋስ የለም።

ጥያቄ፦ ቀዳዳውን በሲሊኮን ብደፍነውስ?

መልስ፦ ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ባዶ ብረት ላይ አያድርጉት፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ራሱ ያዝጋል። ለመኪና ቦዲ የሚሸጠውን ፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሥራው በጠቅላላው ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ቁምሳጥኑ ሳይወጣ ዋጋ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑት፤ እኔን ጨምሮ።

ጥያቄ፦ ሲመለስ እንዴት ይገጠም?

መልስ፦ በጥገና ካየኋቸው ዝገቶች ብዙዎቹ የጀመሩት ገጣሚው ራሱ ወለሉን በስቶ ካስገባው ቪቴ ነው። ቪቴው ቀለሙን ይልጣል፣ ከሥር የሚረጨው ጭቃ ደግሞ ጫፉን ያገኘዋል። ስለዚህ ዕቃውን በቀጥታ ላሜራው ላይ አይምቱት፤ እንደ ሪቬት የሚቆነጠጥ ዳዶ በአጥንቱ ላይ አስገብተው በቡሎን ይሰሩት፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝም አስቀድመው አንቲረስት ይቀቡ። የቀዳዳው ብረት ብናኝ ወለሉ ላይ ከቀረ በጥቂት ቀን ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ስለሚያወጣ በቫኪዩም ይሰብሰብ። በግድግዳው ውስጥ ለሙቀት መከላከያ የተደረገውን፣ ውኃ የጠጣውን የመስታወት ጥጥ መልሰው አይጠቀሙ። በቁምሳጥኑ ጀርባና በላሜራው መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው፣ ከታችና ከላይም አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያበጁለት። የኔን አልጋ አሁን አራት ቡሎን ብቻ ነው የያዘው፤ በየመስከረሙ እፈታውና ጥጉን በእጄ ዳስሼ እመልሰዋለሁ።