ጠይቁኝ፦ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ፊልምና አገር ላገር ስለ መዞር

የወታደር ልጅ ነኝ። ሐረር ተወልጄ፣ አስመራ ፊደል ቆጥሬ፣ ድሬዳዋ ጎረመስኩ። ከዚያ በሪያድ አድርጌ ሜሪላንድ ገባሁ፤ አሁን ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ዛሬ እረፍት ነኝና የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ፖለቲካ ብቻ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዘው ይውጡ ቢባሉ የቱን ያነሳሉ?

መልስ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን። ሁሉም የሚለውን አልክ እንዳትሉኝ፤ እኔን የሚይዘኝ ፍቅሩ ሳይሆን መንገዱ ነው። በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች። ጉዱ ካሣ ግን ገና አገሩ ላይ ሳለ፣ በገዛ ዘመዶቹ መሃል ከሁሉም የባሰ ባዕድ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣም እንደሚሰደድ ያየሁት በእሱ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በጣሊያን ወረራ ተማርከው ጣሊያን ውስጥ ዓመታት የታሰሩ፣ ኋላም በዲፕሎማትነት አሜሪካና እንግሊዝ የኖሩ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ጎጃምን እንዲያ አብጠርጥረው ለመጻፍ ከጎጃም መራቃቸው ሳይረዳቸው አልቀረም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ማንበቡ ይሻላል ወይስ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ያጣላል! እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን የምታውቃቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ሬዲዮኑ ከጀመረ በረካው እየቀዘቀዘም ቢሆን ከቡናው የሚነሳ አልነበረም። እኔ ዛሬም ሳነብ የሚሰማኝ የእሱ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ መዳኘት አልችልም።

ጥያቄ፦ አስመራ ካደጉ «ኦሮማይ»ን እንዴት አገኙት?

መልስ፦ መጽሐፉ የሚተርከው፣ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ያወጀው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲካሄድ እኛ እዚያው ነበርን፤ እኔ ግን ገና ኳስ የማባርር ልጅ ነኝ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የአባቴ ቅጂ ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ ልብስ ሳጥን ግርጌ፣ ከወታደር ካፖርቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ሰርቄ ያነበብኩት ድሬዳዋ ከወረድን በኋላ ነው። ያኔ ሴራው መቼ ገባኝ! ሰፈሬን፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ሲኒማ ኢምፔሮን፣ ዘንባባ የተተከለበትን አውራ ጎዳና ነበር በየገጹ የምፈልገው።

አድጌ ስመለስበት ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ። ሰው ሁሉ ስለ ፊያሜታ ጊላይ ያወራል። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ፍቅረኛዋ ጸጋዬ ኃይለማርያም ላይ ነው፤ ጋዜጠኛ ነው፣ ያያል፣ ይጠራጠራል፣ የታዘዘውን ግን ይሠራል። እንደሱ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ስለ ወጣ፣ እዚህ ተወልደው አማርኛ ለማያነቡ ልጆቻችሁ መስጠት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ፊልምስ?

መልስ፦ «ጤዛ»፣ ያለ ምንም ማመንታት። ጎንደር የተወለደው፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ተሸልሟል። አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ ይመለሳል። የመንደሩ ሰው የሚጠብቀው የተማረ ልጁን ነው፤ የመጣለት ግን ቅዠት እንቅልፍ የነሳው ሰው ነው። ለውትድርና የሚታፈሱት ልጆች ደግሞ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሁሉ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለውን ዓይን ያውቀዋል፤ እዚህ ፊልም ላይ ማንም ሳይናገረው ታዩታላችሁ። ከቤተሰብ ጋር ዘና ለማለት ከሆነ ግን አይሆንም፤ ከባድ ነው፣ ጊዜውም ወዲያ ወዲህ ይዘላል።

ጥያቄ፦ ወንድም ዓለም፣ እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጽሐፍ መያዣ ቦታም የለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ሪያድ ስኖር እኔም ንብረቴ ሁሉ አልጋዬ ሥር ነበር። ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ትረካ ሞልቷል፤ ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂና በአንድ ጆሮሽ እያዳመጥሽ ልብሱን ተኩሺ። በረጅም ልብ ወለድ አትጀምሪ፤ መሃሉ ላይ ሲጠሩሽ ታሪኩ ይጠፋብሻል። አጫጭሮቹን ያዢ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ውጭ አገር ነው የታተመው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሮም፣ በ1900 ዓ.ም.። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ሲሆን ያኔ ኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። የመጽሐፉ ባለታሪክ ጦቢያም ወንድ መስላ አገር ላገር የምትዞር ልጅ ናት። ሰውዬው ኋላ ከጣሊያን ጋር ማበሩን አልወድለትም፤ አማርኛው ግን ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ያሉትን ፒዲኤፎች ያነባሉ?

መልስ፦ ከገበያ የጠፋ ከሆነ አዎ። ደራሲው በሕይወት ካለና መጽሐፉ የሚሸጥ ከሆነ ግን ግዙለት፤ እሱም የቤት ኪራይ አለበት። «ከአገር ቤት ማምጣት ይከብዳል» ለምትሉ፦ በ23 ኪሎዋ ሻንጣ በርበሬና ሽሮውን አድርጉ፣ መጽሐፉን በእጅ ሻንጣ ያዙ።