ለጋኦካኦ (ለቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) የእንግሊዝኛ ንባብና ቃላት፦ በቻይና ዪዉ ከተማ ላሉት እናት የተጻፈ መልስ

ውድ እህቴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለችው ልጅዎ በየማታው የቃላት መጽሐፍ እየሸመደደች የእንግሊዝኛ ውጤቷ ከ150 ከ95 ፈቅ አላለም ብለው፣ ማስጠኛ ማዕከል ላስገባት ወይስ ሌላ መጽሐፍ ልግዛላት ሲሉ ጠይቀዋል። የእኔም ልጅ እዚሁ ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ በዚሁ መንገድ ያለፈ፣ አባቱም እንደ እርስዎ ባለቤት ቻይናዊ ስለሆነ፣ ያየሁትን ሳልቆጥብ እጽፍልዎታለሁ። ማዕከል አያስገቧት፤ አዲስ የቃላት መጽሐፍም አይግዙላት።

አንደኛ፣ ቃላቱን ከምንባብ ውስጥ ትማራቸው። ገበያ ላይ ያሉት መጻሕፍት አሁንም «3500 ቃላት» የሚል ርእስ ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ በ2020 የተሻሻለው የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት ግን የሚዘረዝረው 3000 ያህል ሲሆን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ልጅዎ ሁለተኛ ደረጃ ከመግባቷ በፊት ተምራቸዋለች። የሚጎድላት የቃላት ብዛት አይመስለኝም። ልጄ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣው ነበር፤ ፈተናው ላይ ግን የሚያውቃቸው ቃላት በማያውቀው ትርጉም እየመጡ ነጥብ ያስጥሉታል። «አድሬስ» የሚለውን አድራሻ ብሎ ብቻ ይዞት ስለነበረ፣ አንድን ችግር መፍታት በሚል ትርጉም ሲገባ ሙሉው አንቀጽ ተበላሸበት። ይህንን ከዝርዝር ማንም አይማረውም።

ሁለተኛ፣ የምታነበው ያለፉትን ዓመታት እውነተኛ ፈተናዎች ይሁን፤ ልጆቹ «ዠንቲ» የሚሏቸውን ማለቴ ነው። አሳታሚዎች በራሳቸው የሚያዘጋጁት መለማመጃ አብዛኛውን ጊዜ ወይ በጣም ይከብዳል፣ ወይ መልሱ ያከራክራል። የንባቡ ክፍል 50 ነጥብ ይይዛል። አራቱ ምንባቦች 15 ጥያቄዎች አሏቸው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 2.5 ነጥብ ነው፤ ቀሪው 12.5 ነጥብ ከሰባት ዓረፍተ ነገሮች አምስቱን መርጦ በክፍት ቦታቸው ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ምንባብ ማስታወቂያ ወይም መረጃ፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ታሪክ ስለሆነ እነዚህ አያስቸግሯትም። ልጆች የሚወድቁት ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው፤ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ ማኅበረሰብ የሚያትቱ፣ ዓረፍተ ነገራቸው የረዘመ ጽሑፎች ናቸው። ልምምዷን እዚያ ላይ ታድርገው።

ሦስተኛው ስለ ማስጠኛ ማዕከላት ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ባለቤቴና አማቴ «የሰው ልጅ ሁሉ እየገባ የእኛ ለምን ይቀራል» ብለው ልጁን አንድ ማዕከል አስገቡት፤ ማዕከሉም የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ተቀበለ። ትምህርቱ እንዲህ ነበር፦ ልጆቹ በየቀኑ 100 ቃላት በፊደል ተራ ይሸመድዳሉ፣ ማታ አስተማሪው ቃሉን ሲጠራ የቻይንኛ ፍቺውን ይጽፋሉ፣ የተሳሳተ ልጅ ቃሉን ሃያ ጊዜ ይገለብጣል። አንድ ምንባብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያነቡ አላየሁም። ልጄ በዚያ የቃል ጥሪ ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ሳለ የትምህርት ቤቱ ወርኃዊ ፈተና ላይ ውጤቱ እየወረደ ሲመጣ፣ ምክንያቱን ልጠይቅ ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። «የትምህርት አማካሪ» የምትባለው ሴት፣ ጠያቂዋ እኔ ሆኜ ሳለ መልሱን የምትሰጠው ለባለቤቴ ነበር፤ ፊቴን እንኳ አላየችውም። እቤት አብሬው እንደማነብ ስነግራት ደግሞ፣ የአፍሪካ አነጋገር ልጁን ስለሚያበላሸው ከእናቱ ጋር እንግሊዝኛ እንዳያጠና ብላ ባለቤቴን አስጠነቀቀችው።

እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማርኩ፣ ማትሪክንም በእንግሊዝኛ ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ። እርስዎም ያለፉበት መንገድ ነውና፣ እንዲህ ያለ ንግግር ከሰሙ ቅስምዎ አይሰበር። 150 ነጥብ የሚይዘው የጽሑፍ ፈተና አነጋገርን አይመዝንም፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር አንብቦ መረዳትን ግን በእጅጉ ይመዝናል፣ ይህንን ደግሞ እኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሆነን በባዮሎጂ መጽሐፍ ተምረነዋል። በማግስቱ ልጁን ከማዕከሉ አስወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ዘግተን፣ እራት በልተን፣ ጠረጴዛው ሲጸዳ አንድ ምንባብ ብቻ እንሠራ ነበር። በመጀመሪያ ሰዓት ይዞ ብቻውን ይሠራል፤ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መልስ ምንባቡ ውስጥ ያገኘበትን ቦታ በጣቱ ያሳየኛል። ማሳየት ካልቻለ፣ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ እንደ ስሕተት እንቆጥረዋለን። በዚህ መንገድ አንድ ነገር ቶሎ ገባው፤ የምንባቡን ቃላት እንዳለ ደግሞ የሚያቀርብ ምርጫ ብዙ ጊዜ ወጥመድ ሲሆን፣ ትክክለኛው ሐሳቡን በሌላ ቃል የሚናገረው ነው። አንድ ማታ አራት መሥመር የሚሞላ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀረቀረ። ቃላቱን በሙሉ ያውቃቸዋል፣ የሚሉትን ግን አያውቅም። ዋናውን ግሥ ፈልጎ እንዲያሰምርበት፣ «ዊች» እና «ዛት» ብለው የሚጀምሩትን ሐረጎች በእርሳስ በቅንፍ እንዲዘጋቸው ነገርኩት። ከቅንፉ ውጪ የቀሩት ጥቂት ቃላት ሲነበቡ፣ ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ሳይሆን ቀረ የሚል አንድ ቀላል ሐሳብ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ሳይዝ ምንባብ አይጀምርም ነበር።

ደብተሩንም ልንገርዎት። ከአንድ ምንባብ ከአምስት ቃላት በላይ አይጻፍም። በግራው ገጽ ቃሉ ያለበት ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ይገለበጣል፣ ቃሉ ይሰመርበታል፤ ፍቺው በቀኙ ገጽ ይሰፍራል፣ ሲከልስም ቀኙ ገጽ ታጥፎ ነው። ከሥሩ የቃሉ ዘመዶች ይጻፋሉ፤ «ዲሳይድ» ካለ «ዲሲዥን» እና «ዲሳይሲቭ» አብረው ይገባሉ፣ ምክንያቱም 15 ነጥብ በሚይዘው የሰዋስው ክፍል አንዳንዱ ክፍት ቦታ የተሰጠውን ቃል ወደ ተገቢው መልኩ መለወጥን ይጠይቃል። ከታሪክ ምንባቦች የተሰበሰቡት ስሜትንና እንቅስቃሴን የሚገልጹ ሐረጎች ደግሞ፣ የተጀመረን ታሪክ አንብቦ በመቀጠል 25 ነጥብ በሚያስገኘው ጽሑፍ ላይ ጠቅመውታል።

ዠጂያንግ እንግሊዝኛን በጃንዋሪና በጁን ሁለት ጊዜ ስለሚፈትን የተሻለው ውጤት ይያዛል። ልጄ በጃንዋሪ 112፣ በጁን 131 አመጣ፤ ያ ቁጥር በእኛ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ በመሆኑ ዛሬም ድረስ እኮራበታለሁ። ልጅዎ እስከ ሦስተኛ ዓመቷ ጃንዋሪ ድረስ በቂ ጊዜ አላት። የአባቷ ሁኮ፣ ማለትም የነዋሪነት ምዝገባ፣ በሌላ ክፍለ ሀገር ከሆነ ግን የምትፈተነው እዚያ ሊሆን ስለሚችልና የፈተናው አሠራርም ስለሚለያይ፣ ይህንን ከወዲሁ ከትምህርት ቤቷ ያረጋግጡ።

ምናልባት ቀደም ብለው ለማዕከል ከፍለው ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የመንግሥት መመሪያ ማስጠኛ ተቋማት ከሦስት ወር በላይ ክፍያ በአንድ ጊዜ እንዳይቀበሉ እንደሚከለክል ይወቁ። የእኛዎቹ ገንዘቡን ለመመለስ ብዙ አንገላቱን፤ «ሥራ አስኪያጁ የለም»፣ «ሰኞ ተመለሱ» ሲሉ ከረሙ። ባለቤቴ ውሉንና ፋፒያኦውን (ሕጋዊ ደረሰኙን) ይዞ የሸማቾች አቤቱታ መቀበያ በሆነው 12315 ከደወለ በኋላ ነው ልጁ ላልተማረባቸው ወራት የተከፈለውን የመለሱት። ስለዚህ ወረቀቶቹን አይጣሉ፣ የስልክ ንግግር ብቻም አይመኑ።

ልጅዎ በቅርቡ የሠራችውን ፈተና የንባብ ገጾች ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ፣ ነጥብ የምትጥለው ዝርዝር መረጃ በሚጠይቁት፣ ከሐሳቡ ተነሥቶ መደምደም በሚፈልጉት ወይስ የቃል ፍቺ በሚያስገምቱት ጥያቄዎች ላይ እንደሆነ አይቼ፣ ከየትኛው እንደምትጀምር እጽፍልዎታለሁ።