መድኃኒቱ የት ነው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዕድሜዬን በነርስነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ የደሴ ሰው ነኝ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነበር። ለዚህ ነው ጎርፍ ወይም ናዳ ሲባል ሰዉ ስለ ቤቱና ስለ ከብቱ ሲጨነቅ፣ እኔን ቀድሞ የሚያሳስበኝ የእማማ መድኃኒት የት ገባ የሚለው የሆነው።

የእናንተን ፍጥነት አይቻለሁ፤ አንጀት ያርሳል። ችግር ደረሰ በተባለ ማግስት የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ብር ይዋጣል፣ ሩዝና ማካሮኒው ባጃጅ ላይ ይጫናል። እሰየው! ግን ሩዙ ሲከፋፈል ስለ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊኑ ጭቃ ውስጥ ከቀረ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ቁና ቁና ያስተነፍሰዋል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታሉን ድንገት ካቋረጠ፣ አንዱ መንፈራገጥ ሳይለቀው ሌላው ሊከተልበት ይችላል። የግፊት መድኃኒት ያለቀባቸው አባት ደግሞ ደህና መስለው ይቀመጡና አንድ ቀን ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ይላል። እነዚህን ሰዎች ውሃው አልነካቸውም፣ ድንጋዩም አላገኛቸውም፤ ስለዚህ የአደጋው ተጎጂ ተብለው አይመዘገቡም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሰሞን መንገድና መድኃኒት ቤት ሲዘጋ ስንቱ እንደተቸገረ እናንተም ታውቃላችሁ።

የምለምናችሁ ሥራ እንግዲህ ከአደጋው በፊት የሚሠራ ነው። ግንቦት ላይ፣ ቢዘገይ ሰኔ ላይ፣ ሐምሌ ሳይገባ።

መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡ። አንድ ጊዜ ተፈናቃዮች ባረፉበት ትምህርት ቤት አንዲት እናት አገኘሁ፤ የምትወስጂው ምንድን ነው ብላቸው «ያቺ ትንሽዋ ነጭ ናታ!» አሉኝ። የግፊቱም ነጭ፣ የስኳሩም ነጭ፣ ውሃ የሚያሸናውም ነጭ። ካርዳቸው ከፍራሹ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ ፍራሹም ፌስታሉም ጎርፉ ወስዷቸዋል። ፎቶ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በደቂቃ ያልቅ ነበር። ስለዚህ የአባባንም የእማማንም የክትትል ካርድ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ስሙና ሚሊግራሙ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ልጃቸው ወይም ለሌላ ዘመድ ላኩት። ስልክም ይጠፋል።

ሁለተኛው ነገር ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ማን የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን እውቀት በሕይወት ላሉትም ማዋል ይቻላል፤ የቅሬውን ዳኛና የጤና ኤክስቴንሽኗን ይዛችሁ ቤት ለቤት ዙሩ። እዚህ ላይ ግን ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ወጣት የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። የበሽታ ስም አትጻፉ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከገዛ ሚስቱ ደብቆ ይወስድ ይሆናል፤ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ወሬው ከወጣ ትዳሯ ይፈርሳል ብላ ትሰጋለች። በሰፈር ግሩፕ ላይ የተለቀቀ ስም ዝርዝር ተመልሶ አይሰበሰብም። ሰውየው ፈቅዶ፣ «በየቀኑ መድኃኒት ይወስዳል»፣ «ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ መድኃኒት አለው»፣ «ያለ ሰው እርዳታ አይነሳም» የሚል ብቻ ይበቃል። ዝርዝሩን የሚይዙትም ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ቅሬው የሚያምናቸው። የማይፈልግ ካለ አትጎትጉቱት፣ እኔ ጋ መጥተህ ብቻህን ንገረኝ በሉትና እለፉ።

ስለ ኢንሱሊን ብዙ ስለምጠየቅ ላስረዳ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። የተከፈተው ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ ቤት ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ ወረቀቱን አንብቡ። መብራት ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ደሴ ላይ በሐምሌ ጉም ከምድጃው የራቀ ጥግ ራሱ ይበቃል። ኮምቦልቻ ግን ሌላ አገር ነው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁል ወርዳችሁ ነው የምትደርሱት፤ በግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ብልቃጥ ይበላሻል። እዚያ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጣችሁ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት፣ ጥላና ነፋስ ያለበት አኑሩት። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ዝናብ በሰነበተበት ሳምንት ብዙ አትጠብቁበት። የበረዶ ሳጥን ውስጥ የገባና የረጋ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይወጋም፣ ይጣላል። ምግብ አልበላሁም ብሎ ኢንሱሊኑን ጨርሶ የሚተውም አለ፤ መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ ባለሙያ ይጠየቃል እንጂ አይተውም።

መጠለያ ውስጥ ስትገቡ እግር እዩ። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ሚስማር ቢወጋውም አይሰማውም፤ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሩ ከሄደ ሳምንት ሳይሞላ ቁስሉ ይከፋል። ኮንጎ ጫማም ቢሆን ይጫማ፣ ማታ ማታ እግሩ ታጥቦ በጣቶቹ መሐል ይታይ። ኢንሱሊን ወግቶ ምሳው የዘገየበት ሰው ላቡ ሲንቆረቆር፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና ንግግሩ ሲዘባረቅ ጠጥቶ ነው አትበሉ። መዋጥ ከቻለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፣ ከዚያ ቂጣ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ በጎኑ አስተኙትና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ለሚጥል በሽታም እንዲሁ በጎኑ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ይቅር፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ደግሞ ብርዱን አውቃለሁ፣ ግን በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ። አስም ያለበትን ያፍናል፣ ጤነኛውንም ተኝቶ እንዳይነሳ ያደርጋል።

ስለ ናዳው ራሱ ትንሽ ልበል። ከጦሳ ግርጌም ሆነ ከሌላ ተዳፋት ሥር የምትኖሩ፣ ዝናቡ ቀናት ከሰነበተ በኋላ መሬት ወይም ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ድንገት መግጠም እምቢ ያለ በር፣ ደረቅ ከነበረ ቦታ የሚመነጭ ውሃ ካያችሁ ሌሊቱን እዚያ አትደሩ። የማይራመዱትን ማን በቃሬዛ እንደሚያነሳ ቀድሞ ይመደብ፤ አራት ጎረምሳ ለአንድ ሰው፣ በስም። መድኃኒታቸውን የሚይዝ አምስተኛም ይኑር። ሲፈርስ ግን ሁላችሁም ባንዴ አትግቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበረውን ሊያወጡ ሮጠው ሁለተኛው የወረደባቸው ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥም ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ያለችው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

የቀረኝ ቀጠሮ ነው። ኮምቦልቻ እየኖሩ ደሴ የሚከታተሉ ብዙ ናቸው፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ ከተዘጋ መድኃኒቱም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ የሰኔው ቀጠሮ ላይ አብራችኋቸው ሂዱና ለክረምቱ የሁለት ወር እንዲጻፍላቸው ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነ ባለሙያው እምቢ አይልም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሳይሆን ሳምንት ሲቀረው ይመለሱ። የጤና መድህን መታወቂያቸውንም አገላብጣችሁ እዩት፤ ጊዜው ካለፈ ቀበሌ ሄዳችሁ የምትሰለፉት እናንተ ናችሁ፣ እሳቸው ያን ያህል መቆም አይችሉም።